የስክሪን ፊደልን የሚያጠራው ክሊርታይፕ

«ቤቴ» እና «ቤቲ» የሚለያዩት በአንዲት ቀለበት ነው። ኃምሱ «ቴ» ከእግሩ ግርጌ በስተቀኝ ትንሽ ቀለበት አለው፤ ሳልሱ «ቲ» ግን በዚያው ቦታ ላይ አጭር ጭረት ብቻ ነው ያለው። በደንብ በታተመ መጽሐፍ ላይ ሁለቱን የሚያምታታ አንባቢ የለም። ጽሑፉ በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ሲያንስ ግን የቀለበቱ ቀዳዳ ይደፈናል፤ አንባቢውም ፊደሉን ማየት ትቶ ከዐረፍተ ነገሩ መገመት ይጀምራል። ቀኑን ሙሉ ደብዳቤ ሲያርም ወይም ሒሳብ ሲመዘግብ ለሚውል ሰው እንዲህ እየገመቱ ማንበብ ከባድ ድካም ነው።

ብዙዎች ጥፋቱን በዐይናቸው ላይ ያላክካሉ። ከዐይን በፊት ግን ስክሪኑን መመርመር ይገባል።

ስክሪን ፊደል የሚሠራው ፒክስል ከሚባሉ ነጥቦች ነው። በየቢሮው የተለመደው ባለ 24 ኢንች ሞኒተር ወደ ጎን 1920፣ ወደ ታች 1080 ነጥብ ሲኖረው የአንዱ ነጥብ ስፋት 0.28 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በአንድ ኢንች ውስጥ 92 ነጥብ ይሰለፋል ማለት ነው። ተራ የሌዘር ማተሚያ በዚያችው ኢንች 600 ነጥብ ያሳርፋል። አንድ ቀለበት ቀለበት መስሎ ለመታየት ቢያንስ የሦስት ነጥብ ስፋት ይፈልጋል፦ አንዱ ለግራ ጠርዝ፣ አንዱ ለባዶው መሃል፣ አንዱ ለቀኝ ጠርዝ። ሸማኔ ጥለት ሲያወጣ ግማሽ ክር ማስገባት እንደማይችል ሁሉ ኮምፒውተርም ለረጅም ጊዜ ግማሽ ነጥብ ማብራት አይችልም ነበር።

የመጀመሪያው መፍትሔ ፊደሉን ለነጥቡ እንዲመች አድርጎ መቅረጽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 ማይክሮሶፍት ያወጣው ቬርዳና የተባለው የላቲን ፎንት የዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ቀራጩ ማቲው ካርተር ሥራውን የጀመረው ከነጥቦቹ ነው፤ የፊደሉን ዙሪያ መስመር የሳለው ከዚያ በኋላ ነበር። ቶም ሪክነር ደግሞ እያንዳንዱ ፊደል በየመጠኑ የትኛው ነጥብ ላይ ማረፍ እንዳለበት የሚያዝዙትን መመሪያዎች ጻፈ። ፊደላቱ ሰፋ ያሉ ናቸው፣ በመካከላቸውም በቂ ክፍተት አለ።

ሁለተኛው መፍትሔ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1998 በላስ ቬጋሱ የኮምዴክስ ኤግዚቢሽን ላይ ማይክሮሶፍት ያስተዋወቀው ክሊርታይፕ ነው። ነጭ ገጽ የሚታይበትን ጠፍጣፋ ስክሪን በአጉሊ መነጽር ላየ ሰው ነጩ ነጥብ ነጭ አይደለም፤ ጎን ለጎን የቆሙ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ሰንበሮች ናቸው። ክሊርታይፕ ሦስቱን ለየብቻቸው ያዛል። የፊደሉ እግር አንድ ሙሉ ነጥብ ይዞ መቆም ካልቻለ ከአንዱ ነጥብ ሰማያዊውን፣ ከቀጣዩ ቀዩንና አረንጓዴውን ያጠቁራል። በዚህ ዘዴ ወደ ጎን ያለው የነጥብ ብዛት በሦስት እጥፍ እንዳደገ ያህል ይሆናል። በጠርዙ ላይ ቀለም እንዳይታይ ደግሞ ብርሃኑን ለአጎራባች ሰንበሮች ያከፋፍላል። የሰው ዐይን የብርሃንን ልዩነት ከቀለም ልዩነት አጥርቶ ስለሚያይ አንባቢው የሚያየው ቀለም ሳይሆን የጠራ ጥቁር መስመር ነው።

ክሊርታይፕ እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ውስጥ ቢገባም ተጠቃሚው ራሱ ፈልጎ ማብራት ነበረበት። ሳይነኩት የሚሠራው ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ነው።

ለግዕዝ ፊደል ይህ ግማሽ እፎይታ ነበር። የመጀመሪያው ክሊርታይፕ የሚያጠራው የቆሙ መስመሮችን ነው፤ የተጋደሙትን አያግዝም። እንደ «ጠ» እና «ሐ» ባለ ሦስት እግር የሆኑ ፊደላት ተጠቅመውበታል። «ሰ»ን ከ«ሸ»፣ «ነ»ን ከ«ኘ»፣ «ተ»ን ከ«ቸ» የሚለየው ግን አናት ላይ የተጋደመች አጭር ጭረት ናት። ከላይ ወደ ታችም ጠርዝ የማለስለስ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2009 ከዊንዶውስ 7 ጋር በመጣው፣ ዳይሬክትራይት በተባለው የጽሑፍ ማሳያ ዘዴ ተጨመረ። በዚህ ዘዴ በሚጽፉ ፕሮግራሞች ላይ የ«ሸ» አናት ተለይቶ ይታያል።

የፎንቱም ምርጫ ቀላል ጉዳይ አይደለም። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 የዓለምን ፊደላት ለኮምፒውተር በሚመዘግበው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከተካተተ በኋላ ኒያላ የተባለው ፎንት ከቪስታ ጋር መጣ። ኒያላ የብዕር ለዛ ያለው፣ ወፍራምና ቀጭን መስመር የሚያፈራርቅ ውብ ፎንት ነው፤ በትንሽ መጠን ግን ቀጫጭኑ መስመር ወደ ግራጫነት ይሳሳል። ለረጅም የስክሪን ንባብ የመስመሩ ውፍረት እኩል የሆነ ፎንት ይሻላል። በዊንዶውስ 10 ውስጥ ያለው ኤብሪማና ጉግል በነጻ የሚያድለው ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ እንዲህ ያሉ ናቸው።

ስክሪኑም ራሱ ተለውጧል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው አይፎን 4 ላይ በአንድ ኢንች 326 ነጥብ አስገባ። ነጥቡ እንዲህ ሲደቅ ሰንበሮቹን ለየብቻ ማዘዝ ብዙም አያስፈልግም። አፕልም እ.ኤ.አ. በ2018 በማክኦኤስ ሞሃቪ ላይ ይህን ስልት ተወው። ሰንበሮቻቸው በሌላ ቅደም ተከተል የተደረደሩ አንዳንድ የኦሌድ ሞኒተሮች ላይ ደግሞ ክሊርታይፕ በፊደሉ ጠርዝ ላይ ቀለም ሊያሳይ ይችላል።

አሮጌ ሞኒተር ያለው ሰው ግን አዲስ እስኪገዛ መቸገር የለበትም። የመጀመሪያው ሥራ ሪዞሉሽኑን፣ ማለትም ስክሪኑ የሚጠቀምበትን የነጥብ ብዛት፣ ማየት ነው። ብዙ ሰው ጽሑፍ ለማተለቅ ብሎ 1920 በ1080 የሆነውን ስክሪን ወደ 1280 በ720 ያወርዳል። ያኔ አንዱ ነጥብ በአንድ ተኩል ነጥብ ላይ እንዲያርፍ ስለሚገደድ ጽሑፉ በሙሉ ይደበዝዛል። ትክክለኛው መንገድ ሪዞሉሽኑን ሞኒተሩ በተሠራበት ልክ ትቶ ስኬል የሚለውን ወደ 125 ወይም 150 በመቶ ከፍ ማድረግ ነው። ቀጥሎ በዊንዶውስ መፈለጊያ ላይ በላቲን ፊደል ClearType ብሎ መጻፍ ነው። የሚከፈተው መስኮት የጽሑፍ ናሙናዎችን በየተራ ያቀርባል፤ ተጠቃሚው ለዐይኑ የጠራውን ይመርጣል። ናሙናዎቹ በላቲን ፊደል ቢሆኑም ምርጫው ለአማርኛውም ይሠራል።

በኢንተርኔት ማሰሻ ውስጥ ኮንትሮልን ይዞ የመደመር ምልክትን መጫን ገጹን ያተልቃል። ድረ ገጽ የሚሠሩ ባለሙያዎችም ድርሻ አላቸው። ዓለም አቀፉ የድር ተደራሽነት መመሪያ ለተራ ጽሑፍ በፊደሉና በመደቡ መካከል ቢያንስ የ4.5 ለ1 የብርሃን ንጽጽር ይጠይቃል። ጥቁር በነጭ ላይ 21 ለ1 ነው። በነጭ ገጽ ላይ ፈዛዛ ግራጫ አማርኛ የሚያሰፍር ሰው የ«ቴ»ን ቀለበት ከአንባቢው ይነጥቃል።

የክፍሉ ብርሃንም አይዘነጋ። መስኮት ከጀርባ ሲሆን ስክሪኑ ላይ ያንጸባርቃል፤ ከጎን ሲሆን ይሻላል። ሞኒተሩ ከ50 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ርቆ፣ አናቱ ከዐይን ትይዩ ወይም ትንሽ ዝቅ ብሎ ቢቀመጥ ይመረጣል።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ጽሑፉ አሁንም ከደበዘዘ፣ ያኔ ወደ ዐይን ሐኪም መሄድ ነው። ከ40 ዓመት በኋላ የቅርብ እይታ መድከም የተለመደ ሲሆን የንባብ መነጽር በአብዛኛው የሚታዘዘው 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርቆ ለሚያዝ መጽሐፍ ነው። ሞኒተሩ ከዚያ ይርቃል። ስለዚህ ሐኪሙ ዘንድ ከመሄድ በፊት ከዐይን እስከ ስክሪን ያለውን ርቀት በሜትር ለክቶ ቁጥሩን መንገር ለሥራው የሚስማማ መነጽር ለማግኘት ይረዳል።