ሕፃናት የመሬትን አገልግሎት ከካርታና ከአየር ፎቶግራፍ ለይተው እንዲያውቁ ስለ ማስተማር

ቀድሞ የመሬት ወሰን የሚታወቀው በሽማግሌ ምስክርነት፣ በድንጋይና በዛፍ ነበረ። ከ1990ዎቹ ወዲህ ግን ለገበሬው የይዞታ ደብተር ይሰጠው ጀመረ፤ ኋላም በብዙ ወረዳዎች የማሳው ወሰን ከአየር ወይም ከሳተላይት በተነሣ ሥዕል ላይ እየተሠመረ ተመዘገበ። ሥዕሉን ማንበብ የማይችል ባለይዞታ ስለ ገዛ እርሻው የሌላውን ቃል ለማመን ይገደዳል። ልጁ ይህን ቢማር ግን ለአባቱ ዓይን ይሆነዋል።

ትምህርቱ የሚጀመረው ሕፃኑ ከሚያውቀው ስፍራ ነው። በአዲስ አበባ፣ ቡልጋሪያ በተባለው ሰፈር የሚማር ልጅ አስቀድሞ መንገዱን፣ ሱቁን፣ መኖሪያውንና ባዶውን ቦታ በእግሩ ዞሮ አይቶ በወረቀት ይንደፍ፤ ከዚያ በኋላ ከላይ የተነሣውን ሥዕል ይመልከት። ተጠጋግተው የሚታዩት ትንንሽ ጣራዎች መኖሪያ፣ ሰፋፊዎቹ መጋዘን ወይም መሥሪያ ቤት መሆናቸውን ራሱ ያገኘዋል። በ2017 ዓ.ም. በካዛንቺስ ብዙ ቤቶች ስለ ፈረሱ፣ ከዚያ በፊትና በኋላ የተነሡትን ሥዕሎች ጎን ለጎን ቢያይ መሬት አገልግሎቱን እንደሚለውጥ ያለ ብዙ ቃል ይረዳል።

በገጠር ምልክቱ ሌላ ነው። በሰሜኑ አገር በእርሻ መካከል ክብ ሆኖ የሚጠቁረው አረንጓዴ አብዛኛውን ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ደን ነው፤ ጠርዙ ቀጥ ብሎ የተቈረጠው የተተከለ ባሕር ዛፍ ነው። ተዳፋቱን እየተከተሉ የሚዞሩት መስመሮች እርከን ናቸው፤ ቀጫጭን የከብት መንገዶች ወደ ውኃ የሚሰበሰቡበት ወጥ መስክ ግጦሽ ነው።

መምህሩ ሥዕሉ የተነሣበትን ወር ይጠይቅ። በነሐሴ ማሳውና ሣሩ በአንድነት አረንጓዴ ናቸው፤ በኅዳር የደረሰው ጤፍ ይቢጫል፤ በመጋቢት የታረሰው አፈር ይገለጣል። ወሩ ሳይታወቅ ስለ መሬቱ ቢፈርዱ ስሕተት ይሆናል።

ልኩም ይታወቅ። በ1:50,000 ካርታ 1 ሳንቲሜትር 500 ሜትር ነው፤ ሩብ ሄክታር የሚያህል አንድ ጥማድ በካርታው ላይ ጎኑ 1 ሚሊሜትር ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ካርታ ለወረዳው፣ ፎቶግራፍ ለማሳው ይጠቅማል።

ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከአውሮፕላን ያነሡዋቸው ብዙ ፎቶግራፎች በአዲስ አበባ ተጠብቀው ቆይተዋል፤ የዛሬውን ደንና እርሻ ከያኔው ጋራ ለማመዛዘን ያገለግላሉ።

ከወረዳ ሹም የሚፈለገው ወጪ ብዙ አይደለም፤ የቀበሌውን ሥዕል በትልቁ አሳትሞ ለየትምህርት ቤቱ መስጠት፣ ልጆቹም ያነበቡትን መሬቱ ላይ ወርደው እንዲያጣሩ ጊዜ መፍቀድ ነው። ነገር ግን ክርክር ያለበት ወሰን ለመለማመጃ አይመረጥ፤ የሕፃን ጣት ያመለከተው መስመር በጎረቤቶች መካከል የጠብ ምክንያት እንዳይሆን መጠንቀቅ ይገባል።