በነፋስ የሚወሰደው አቧራ ለየብስና ለባሕር ሕይወት ያለው ፋይዳና ጉዳት

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ሸዋ ሮቢትና በዙሪያዋ ባሉት የይፋት ቆላማ ቀበሌዎች የበጋው ወራት የአቧራ ወቅት ነው። ጤፉ፣ ማሽላውና ማሾው ተሰብስቦ ቃርሚያው በከብት ከተጋጠ በኋላ ማሳው ያለ ሽፋን ለነፋስ ይጋለጣል።

ነፋስ በቀላሉ አንስቶ ሩቅ የሚወስደው ደቃቁን የአፈር ክፍል ነው። ፎስፈረስን የመሳሰሉ ንጥረ ነገሮችና የበሰበሰ የዕፅዋት ቅሪት በብዛት የሚገኙት በዚሁ ክፍል በመሆኑ፣ ማሳው በመጠን ጥቂት አፈር ቢያጣም በለምነት የሚያጣው ብዙ ነው። ብናኙ በመስኖ በለማ ሽንኩርት ላይ ሲያርፍም ብርሃን በመጋረድና ቅጠሉ የሚተነፍስባቸውን ቀዳዳዎች በመድፈን እድገቱን ይገታል።

የአንዱ አካባቢ ኪሳራ ግን ለሌላው ሲሳይ የሚሆንበት ጊዜ አለ። እኤአ ከ2007 እስከ 2013 በሳተላይት በተሰበሰበ መረጃ ላይ ተመስርቶ በ2015 ይፋ የሆነ ጥናት፣ ከሰሃራ የሚነሳ አቧራ አትላንቲክን አቋርጦ በየዓመቱ 22 ሺህ ቶን ያህል ፎስፈረስ ለአማዞን ደን እንደሚያደርስ ገምቷል። ይህም ደኑ በዝናብና በጎርፍ ከሚያጣው ጋር ተቀራራቢ ነው። አቧራው የያዘው ብረትም በውቅያኖስ ለሚገኙ ጥቃቅን ዕፅዋት ምግብ ሲሆን፣ እነዚህ ዕፅዋት የዓሣ ሀብት መሠረት ከመሆናቸውም በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ይመጣሉ።

በአየር የሚንሳፈፍ ብናኝ ምንጩ አፈር ብቻ አይደለም። በአፋር ክልል የሚገኘው የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ሲፈነዳ አመዱ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ላይ ከፍ ብሎ ቀይ ባሕርን በመሻገር በየመንና በኦማን በኩል እስከ ህንድ ደርሷል። በአፍዴራ አካባቢ የግጦሽ ሣር በአመድ በመሸፈኑ አርብቶ አደሮች ለመኖ እጥረት ተጋልጠዋል። ይፋት የአፋር ጎረቤት እንደመሆኑ ክስተቱ ለአካባቢውም ማስጠንቀቂያ ነው።

የእሳተ ገሞራን አመድ መከልከል አይቻልም፤ የማሳን አቧራ ግን መቀነስ ይቻላል። ቃርሚያን ሙሉ በሙሉ አለማስጋጥና አለማቃጠል፣ በማሳ ዳር ነፋስ የሚሰብሩ ዛፎችን መትከል፣ ልቅ ግጦሽን መቆጣጠር ውጤታቸው የታወቀ ዘዴዎች ናቸው። በየደረጃው የሚገኙ የግብርና ጽሕፈት ቤቶች የአፈርና ውሃ ጥበቃ ዕቅድ ሲያዘጋጁ ከጎርፍ ጎን ለጎን ነፋስንም ሊያስቡ ይገባል። ጎርፍ የወሰደው በቦዩ ይታያል፤ ነፋስ የወሰደው ግን ምርት ሲቀንስ ነው የሚታወቀው።