ሰንበቴ፡ ሳምንታዊው ጉባኤ እና የፍቅር መዋጮ በአዋሽ ሸለቆ ከተሞች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ጌታችን ስለ ደጉ ሳምራዊ ሲያስተምር የጠቀሰው መንገድ ከኢየሩሳሌም ደጋ ወደ ኢያሪኮ ቆላ የሚወርደውን ነው (ሉቃ. 10፥25-37)። በዚያ መንገድ ላይ ወድቆ የተገኘው ሰው አገሩ፣ ወገኑ፣ ስሙ አልተነገረም። ካህኑም ሌዋዊውም አይተው አለፉት፤ ያነሣው በእምነትም በዘርም የማይመስለው ሳምራዊ ነበር። ሳምራዊው ቁስሉን አጥቦ ብቻ አልተወውም። ወደ እንግዶች ማረፊያ ወሰደው፤ ሁለት ዲናር ከፈለለት፤ የሚጨመር ወጪ ቢኖርም ሲመለስ እንደሚከፍል ቃል ገባለት።

በአገራችን ይህን መንገድ የሚያስታውስ ጎዳና አለ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአዳማና በመተሐራ አድርጎ ወደ አዋሽ ሰባት ኪሎ ይወርዳል፤ ከዚያም ገዋኔን፣ ሚሌን፣ ሎግያንና ሰመራን አልፎ በጋላፊ ወደ ጅቡቲ ይሻገራል። የከባድ መኪና አሽከርካሪው፣ ረዳቱ፣ የቀን ሠራተኛው፣ ወደ ባሕር ማዶ ለመሻገር ቤቱን ትቶ የወጣው ወጣት በዚሁ ጎዳና ያልፋሉ። ከእነርሱ አንዱ በሙቀትና በሕመም ቢወድቅ ማን ያነሣዋል? የሚያነሣውስ ሰው ሁለቱን ዲናር ከየት ያመጣል?

ቤተ ክርስቲያን ለዚህ ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ የሰጠችው መልስ አለ። መልሱም ምእመናን በየሳምንቱ ተሰብስበው፣ ማዕድ ተካፍለው፣ ከእያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት አዋጥተው ለተቸገረ እንዲደርሱ ማድረግ ነው። በእኛ ዘንድ ይህ ሥርዓት በሰንበቴ ይገለጣል።

ሰንበቴ ምንድን ነው?

ሰንበቴ በዕለተ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ የሚደረግ የምእመናን ማኅበር ነው። አባላቱ በየተራቸው ዳቦ፣ ንፍሮ፣ ቆሎ፣ ጠላ ወይም ሌላ የተገኘውን አዘጋጅተው ወደ ሰንበቴው ቤት ያመጣሉ። ካህኑ ጸልዮ ይባርካል፤ አባላቱም፣ ካህናቱም፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ያለው ነዳይም፣ በዕለቱ የተገኘው እንግዳም ከአንድ ማዕድ ይቀምሳሉ። በጾም ወራት ማዕዱ የጾም ይሆናል።

የቅርብ ዘመዱ የጽዋ ማኅበር ነው። ጽዋ ማኅበር በወር አንድ ጊዜ በእመቤታችን፣ በመላእክት ወይም በጻድቃንና በሰማዕታት መታሰቢያ ቀን በአባላቱ ቤት በተራ ይጠጣል፤ ጽዋውም ከባለ ተራው ወደ ተረካቢው ይተላለፋል። የማኅበሩ መሪ በብዙ ቦታ «ሙሴ» ይባላል፤ ሕዝቡን በምድረ በዳ የመራውን ነቢይ በማሰብ ነው። ዕድር ደግሞ በዋናነት ለሐዘንና ለቀብር የሚደርስ የጎረቤት መረዳጃ ሲሆን ሃይማኖት ሳይለይ ሁሉን ያቅፋል። ሰንበቴን ከእነዚህ የሚለየው የሚሰበሰብበት ቦታና ቀን ነው። ከቅዳሴው ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ባልንጀራ የሚሄድ ፍቅር ነውና ከመሠዊያው አይርቅም።

የሳምንቱ መዋጮ ሐዋርያዊ መሠረት

በየሳምንቱ ተሰብስቦ ማዋጣት ትናንት የመጣ ልማድ አይደለም። በኢየሩሳሌም የነበሩ ምእመናን በተቸገሩ ጊዜ ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለገላትያና ለቆሮንቶስ አብያተ ክርስቲያናት አንድ ሥርዓት ሠራላቸው። ከሳምንቱ በፊተኛው ቀን እያንዳንዱ እንደ ገቢው መጠን ለይቶ እንዲያስቀምጥ፣ እርሱ በመጣ ጊዜ ግን የገንዘብ ማሰባሰብ ግርግር እንዳይኖር አዘዘ (1ኛ ቆሮ. 16፥1-3)። በዚህ ትእዛዝ ውስጥ ሦስት ነገር እናያለን። ቀኑ የታወቀ ነው፤ እርሱም እሑድ ነው። ሰጪው እያንዳንዱ ነው፤ ባለጠጋው ብቻ አይደለም። መጠኑም እንደ አቅም ነው።

በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሰማዕቱ ዮስጢኖስ ለሮም ንጉሠ ነገሥት ባቀረበው የክርስትና መከላከያ ጽሑፍ የእሑዱን ጉባኤ ሲገልጥ፣ ከቅዱስ ቁርባኑ ቀጥሎ አቅም ያላቸው በፈቃዳቸው እንደሚሰጡ፣ የተሰበሰበውም በጉባኤው መሪ ዘንድ ተቀምጦ ለሙት ልጆች፣ ለመበለታት፣ ለሕሙማን፣ ለእስረኞችና ለእንግዶች እንደሚውል አስረድቷል። ሰንበቴ ዛሬ ሊያደርገው የሚገባው ይህንኑ ነው።

ሳምንታዊ ስብሰባና መዋጮ ያለውን ኃይል ዓለሙም ተረድቶታል። እ.ኤ.አ. በ1905 በአሜሪካ ቺካጎ የተመሠረተው ሮታሪ በየሳምንቱ መገናኘትን ልማዱ አድርጎ ወደ ብዙ አገሮች ተስፋፍቷል። በጎ ሥራን ማንም ቢሠራው መልካም ነው። ይሁን እንጂ የእኛ ልጆች ይህን ከውጭ የመጣ አዲስ ጥበብ አድርገው ሲያደንቁ፣ በየደብራቸው ያለውን ሰንበቴ የሽማግሌዎች መብልና መጠጥ ብቻ አድርገው ሲቆጥሩት ማየት ያሳዝናል። ጥፋቱ ግን የልጆቹ ብቻ አይደለም፤ ሰንበቴው ራሱ ከማዕዱ አልፎ ባለመሄዱ እንዲህ እንዲታይ ያደረግንበት ጊዜ አለ።

ከዘመድ ርቆ የሚኖር ምእመን

አዋሽ ሰባት ኪሎ ከባቡር ሐዲዱ ጋር ያደገች ከተማ ናት። ሰመራ ደግሞ ከአሳይታ የክልሉን ርእሰ ከተማነት የተረከበች፣ ዩኒቨርሲቲና የመንግሥት ቢሮዎች የተሰበሰቡባት አዲስ ከተማ ናት። በሁለቱም ያለው ምእመን በአብዛኛው ለሥራ፣ ለትምህርት፣ ለንግድ ወይም ለውትድርና ከሌላ አካባቢ የመጣ ነው። አባትና እናቱ፣ የክርስትና አባቱ፣ የነፍስ አባቱ፣ የአያቶቹ ዕድር ያሉት በሌላ አገር ነው። በደጋ መንደር አንድ ሰው ቢታመም ሳይጠራው የሚመጣ ዘመድ አለው፤ በኪራይ ቤት ብቻውን የሚኖር ሠራተኛ ግን በር ዘግቶ ቢተኛ ሦስት ቀን የሚጠይቀው ላይኖር ይችላል።

ሌላም አለ። በዚህ ሸለቆ መከራ በድንገት ይመጣል። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. አዋሽ ከመጠን በላይ ሞልቶ በታችኛውና በመካከለኛው ተፋሰስ ብዙ ሕዝብ አፈናቅሏል። በ2017 ዓ.ም. በታኅሣሥና በጥር ወራት በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ወረዳዎች በተደጋጋሚ በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ከነዚህም መጠናቸው ከ5 በላይ የደረሱ ነበሩበት፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው ወጥተዋል። ወቅቱ የገና ጾም መጨረሻና የጌታችን የልደት በዓል ነበር። ጌታ በበረት የተወለደበትን በዓል ስናከብር ጎረቤቶቻችን ከቤታቸው ውጭ ያድሩ ነበር። እንዲህ ባለ ቀን ገንዘብ ማሰባሰብ የሚጀምር ማኅበር ይዘገያል፤ አስቀድሞ በየእሑዱ ያስቀመጠ ግን በማግሥቱ ውኃና ብርድ ልብስ ይዞ ይደርሳል። ቅዱስ ጳውሎስ አስቀድማችሁ አስቀምጡ ያለበት ምክንያት በዚህ ይገባናል።

ከገንዘቡ በፊት ወሬው

የአፋር ወገኖቻችን «ዳጉ» የሚሉት ድንቅ ባህል አላቸው። ሁለት ሰዎች በመንገድ ሲገናኙ ቆም ብለው፣ ብዙ ጊዜም ተቀምጠው፣ ያዩትንና የሰሙትን በሥርዓት ይነጋገራሉ፤ ስለ ዝናቡና ስለ ግጦሹ፣ ስለ ታመመውና ስለ ሞተው፣ ስለ ሰላሙ። ወሬው እውነት መሆን አለበት፤ የሰማውም ለሚቀጥለው ያደርሳል። በዚህ መንገድ በሰፊው በረሓ የተበተነ ሕዝብ የአንዱን ጭንቀት ሌላው ያውቃል።

የሰንበቴ ጉባኤ ከዚህ ብዙ ሊማር ይችላል። የሚበዛው ማኅበር ስብሰባውን የሚጀምረው ማን ከፈለ፣ ማን ቀረበት በሚል ነው። ይልቁንስ ከጸሎቱ ቀጥሎ የሚጠየቀው ጥያቄ፦ ዛሬ በቅዳሴው ያላየነው ማን ነው? ማን ታመመ? ማን ወለደች? ማን ከሥራ ወጣ? ወደ ከተማችን አዲስ የመጣ ማን አለ? የሚል ሊሆን ይገባዋል። እጥረታችን ሁልጊዜ የገንዘብ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ያላወቅነውን ሰው መርዳት ስላልቻልን ነው። ጌታችንም በመጨረሻው ቀን የሚጠይቀን ስለ ተራበው፣ ስለ ታመመው፣ ስለ ታሰረውና ስለ እንግዳው ነው (ማቴ. 25፥35-40)። እነዚህን ለማግኘት አስቀድሞ መፈለግ፣ ለመፈለግም መጠየቅ ያስፈልጋል።

የመዋጮው ሥርዓት

መዋጮው ትንሽ ቢሆንም ቋሚ ይሁን። ለምሳሌ 40 አባላት ያሉት ሰንበቴ እያንዳንዱ በሳምንት 20 ብር ቢያዋጣ በሳምንት 800 ብር፣ በ52 ሳምንታት 41,600 ብር ይሆናል። ይህ ገንዘብ አንድ ጊዜ በሚደረግ ታላቅ ድግስ ሊያልቅ ይችላል፤ ወይም ዓመቱን ሙሉ ለሕሙማን መድኃኒት፣ ወደ አገሩ መመለስ ላቃተው እንግዳ መሳፈሪያ፣ ዘመድ ለሌለው ሟች መገነዣ ሊሆን ይችላል። ከአባላቱ መካከል 20 ብር የሚከብደው ቢኖር ሁለቱን ሳንቲም የሰጠችውን መበለት እናስብ (ማር. 12፥41-44)፤ አቅሙ የፈቀደውን ይስጥ፣ ከማዕዱም አይራቅ።

ገንዘቡ ሲለይ ሦስት ድርሻ ማድረግ ይጠቅማል። አንዱ ለማዕዱ፣ አንዱ ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት፣ አንዱ ለችግረኛ። ለችግረኛ የተለየው ለሌላ አይዛወር። ያለዚያ ድግሱ ሁልጊዜ ያሸንፋል።

ሒሳቡ ንጹሕ ይሁን። ቅዱስ ጳውሎስ የተሰበሰበውን ስጦታ ብቻውን አልያዘም፤ በአብያተ ክርስቲያናት የተመረጡና የተመሰገኑ ወንድሞች አብረውት እንዲጓዙ አደረገ፤ ይህም በእግዚአብሔር ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት ነቀፋ እንዳይኖር ነው (2ኛ ቆሮ. 8፥18-21)። ስለዚህ ገንዘብ ተቀባዩ፣ መዝጋቢውና ተቆጣጣሪው የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ፤ የባንክ ሒሳቡ ከአንድ በላይ ፊርማ ይኑረው፤ ገቢና ወጪው በየወሩ በጉባኤው ፊት ይነበብ። የተረዳው ሰው ስም ግን አይነበብ፤ መጠኑና ምክንያቱ ይበቃል። የተቸገረን ሰው በአደባባይ ማሳፈር ምጽዋቱን ያበላሻል።

በከተሞቹ ሰው ቶሎ ይለዋወጣል። ሠራተኛው ይዛወራል፤ ተማሪው ተመርቆ ይሄዳል። በአንድ ሰው ትውስታ የተመሠረተ ማኅበር ያ ሰው ሲሄድ ይፈርሳል። መዝገቡ፣ ንብረቱና ቁልፉ በጽሑፍ ርክክብ ይደረግባቸው። ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ እንደሚተላለፍ ኃላፊነቱም ይተላለፍ።

በቤተ ክርስቲያን ስም ከማኅበሩ ውጭ ካሉ ሰዎች ገንዘብ ማሰባሰብ ካስፈለገ ደግሞ በሰበካ ጉባኤው ዕውቅናና በሕጋዊ ደረሰኝ ይሁን። በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዓዋዲ የሰበካ ጉባኤን አስተዳደር የሠራው ካህናትና ምእመናን የቤተ ክርስቲያንን ሀብት በጋራ እንዲጠብቁ ነው። ፈቃድ የሌለው ልመና በቅን ልብ ቢጀመርም ለአታላዮች በር ይከፍታል፤ የእውነተኛውንም ችግረኛ ድምፅ ያሳጣል።

ልንጠነቀቅባቸው የሚገቡ ነገሮች

የመጀመሪያው የድግስ ፉክክር ነው። አንዱ ባለ ተራ ካለፈው የበለጠ ልደግስ ሲል ቀጣዩ ይበደራል፤ ድሃው ደግሞ ተራው ሲደርስ አፍሮ ይቀራል። ቆሮንቶሳውያን በማዕዳቸው አንዱ ሲራብ ሌላው ሲሰክር ሐዋርያው የገሠጻቸው ስለዚህ ነው (1ኛ ቆሮ. 11፥20-22)። በሰመራ ሙቀት አንድ ጣሳ ቀዝቃዛ ውኃና አንድ እፍኝ ቆሎ በቂ ማዕድ ነው። ጌታችን ዋጋው አይጠፋም ያለው ስለ አንድ ጽዋ ቀዝቃዛ ውኃ ነውና (ማቴ. 10፥42)፤ ይህን ቃል የቆላ ሰው ከማንም በላይ ይረዳዋል።

ሁለተኛው አድልዎ ነው። በሐዋርያት ዘመን የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪ የሆኑ መበለታት በዕለት ዕለቱ ምግብ ሲዘነጉ ማጉረምረም ተነሣ፤ ሰባቱ ዲያቆናትም የተሾሙት ይህን ለማቃናት ነበር (ሐዋ. 6፥1-6)። እኛም በዲያቆንነት የምናገለግል ሁሉ አገልግሎታችን ከመቅደሱ ባሻገር በማዕዱ ፍትሕ እንደ ተጀመረ ልንረሳ አይገባም። በአገር ልጅነት፣ በቋንቋ ወይም በትውውቅ መርጦ የሚረዳ ሰንበቴ ያንኑ ማጉረምረም ይመልሳል።

ሦስተኛው በራችንን ለወገናችን ብቻ መክፈት ነው። በዚህ ሸለቆ የሚያስተናግደን ሕዝብ በአብዛኛው ሙስሊም ነው፤ ጎርፉም ሆነ ርዕደ መሬቱ ሃይማኖት አልለየም። ጌታችን ባልንጀራዬ ማን ነው ላለው ሰው የመለሰለት በሳምራዊው ምሳሌ መሆኑን ካሰብን፣ የሰንበቴው መዋጮ ለአፋር ጎረቤታችንም መድረስ እንዳለበት መከራከሪያ አያስፈልገውም።

ውድ ምእመናን፣ በፊታችን ባለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ሰንበቴው ስንገባ ከመቀመጣችን በፊት ዙሪያችንን እንመልከት። የጎደለ ፊት ካለ ስሙን እንጥራ፤ ከመካከላችን ሁለት ሰዎች በዚያው ዕለት ሄደው ይጠይቁት። ሳጥኑም ባዶ ሆኖ አያግኘን። በመንገድ ላይ የወደቀው ሰው የሚያነሣው ሲያገኝ ሁለቱ ዲናር አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ይቆየው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።