68ኛውና 205ኛው

ጆኤልና ሄንሪክ ሉንድክቪስት መንትዮች ናቸው። ማርች 2 ቀን 1982 ኦሬ በምትባል ተራራማ የስዊድን ከተማ ተወለዱ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። አንድ ቤት አደጉ፤ በረዶ ሆኪን አብረው ጀመሩ፤ ጎተንበርግ ወደሚገኘው ፍሮሉንዳ ክለብም አብረው ገቡ። 18 ዓመት በሞላቸው በ2000፣ የሰሜን አሜሪካው ታላቅ የሆኪ ሊግ፣ ኤንኤችኤል፣ እንደየዓመቱ ልማዱ ታዳጊዎችን ለመምረጥ ካናዳ ካልጋሪ ላይ ተሰበሰበ። የአጥቂው የጆኤል ስም 68ኛ ሆኖ ተጠራ፤ ዳላስ ስታርስ ወሰደው። የግብ ጠባቂው የሄንሪክ ስም እስኪጠራ ግን ሌሎች 136 ልጆች በመካከል ገቡ። ኒውዮርክ ሬንጀርስ የመረጠው በሰባተኛው ዙር፣ በ205ኛ ተራ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ 205ኛው በዓለም ላይ ካሉ ግብ ጠባቂዎች ሁሉ ግንባር ቀደም ከሚባሉት አንዱ ሆነ። አንድ ማሕፀን የተጋሩ፣ አንድ ገበታ የቆረሱ ልጆችን ይህን ያህል አራርቆ ያስቀመጠው ሥርዓት እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ፣ ስለ ሆኪ ብቻ ሳይሆን ስለ ልጅ እድገትም ብዙ ያስተምራል።

በመጀመሪያ ጨዋታውን። የገና ጨዋታን ያየ ሰው የሆኪን መሠረት ያውቀዋል፤ ጫፉ የተቆለመመ ዱላ አለ፣ የምትለጋ ሩር አለች፣ የሚፋለሙ ሁለት ወገኖች አሉ። በበረዶ ሆኪ የሩሯን ቦታ የምትይዘው ፓክ ናት፤ ከጠንካራ ጎማ የተሠራች፣ 170 ግራም ገደማ የምትመዝን ጠፍጣፋ ክብ። ሜዳው 61 ሜትር ርዝመት፣ 26 ሜትር ስፋት ያለው በረዶ ነው። በየወገኑ ግብ ጠባቂውን ጨምሮ ስድስት ስድስት ሆነው፣ ከሥሩ ስለት በተገጠመለት ጫማ እየተንሸራተቱ ይገጥማሉ። እንግዲህ አንድ ልጅ ፓክ መቆጣጠር ከመማሩ በፊት በዚያ ስለት ላይ መቆም፣ መሮጥ፣ ወደ ኋላ መሄድና ድንገት መቆም መቻል አለበት። በሆኪ የልጅ እድገት ረጅምና ለመተንበይ አስቸጋሪ የሚሆነው ከዚህ ይጀምራል።

በእግር ኳስ ሀብታም ክለብ የወደደውን ታዳጊ ቤተሰቡን አሳምኖ ያስፈርማል። በሆኪም ድሮ ክለቦች የታዳጊ ቡድኖችን በገንዘብ እየደገፉ ልጆቹን በስማቸው ይይዙ ነበር። ኤንኤችኤል ይህን በር ቀስ በቀስ ለመዝጋት በ1963 ሞንትሪያል በሚገኝ ሆቴል ውስጥ የመጀመሪያውን ድራፍት አካሄደ፤ ክለቦች በተራ በተራ ታዳጊ የሚመርጡበት ሥርዓት ማለት ነው። ያን ቀን የተመረጡት 21 ልጆች ብቻ ነበሩ። ዛሬ 32 ክለቦች በሰባት ዙር ከሁለት መቶ በላይ ልጆች ይመርጣሉ። ቅድሚያ የሚሰጠው በዓመቱ ደካማ ለነበሩት ነው። ነገር ግን ሆን ብሎ መሸነፍ እንዳይለመድ ከ1995 ጀምሮ ዕጣ ይወጣል፤ ዛሬ ዕጣው ውስጥ የሚገቡት ወደ ጥሎ ማለፉ ያላለፉት 16 ክለቦች ናቸው። የተመረጠ ልጅ ያንኑ ቀን ወደ ታላቁ ሊግ ይገባል ማለት አይደለም። ክለቡ ያገኘው ልጁን የማስፈረም መብት ነው፤ ልጁ አብዛኛውን ጊዜ ወደነበረበት ተመልሶ ማደጉን ይቀጥላል።

ከምርጫው በፊት የደረጃ ዝርዝሮች ይወጣሉ። በይፋ የሚታወቀውን የሚያዘጋጀው በ1975 የተቋቋመው የሊጉ የምልመላ ቢሮ ነው። ዝርዝሩን በውድድሩ ዘመን አጋማሽ ያወጣና በፍጻሜው ያድሰዋል። ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር እዚህ ላይ አለ፦ የቢሮው ዝርዝር አንድ ሳይሆን አራት ነው። የሰሜን አሜሪካ ተጫዋቾች ለብቻ፣ የሰሜን አሜሪካ ግብ ጠባቂዎች ለብቻ፣ ከሌላው ዓለም የመጡ ተጫዋቾች ለብቻ፣ ግብ ጠባቂዎቻቸውም ለብቻ። ስለዚህ በአንድ ዓመት «1ኛ» የተባሉ አራት ልጆች ይኖራሉ። አራቱን አዋሕዶ አንድ ዝርዝር ማድረግ የየክለቡ ሥራ ነው፤ ያን ዝርዝር ደግሞ ክለቦች ለማንም አያሳዩም። ከውጭ ሆኖ ወደዚያ ምስጢር በጣም የተጠጋው የካናዳው ጋዜጠኛ ቦብ ማኬንዚ ይመስለኛል። እሱ የራሱን ምርጫ አይጽፍም፤ አሥር የክለብ መልማዮችን ጠይቆ መልሳቸውን ያጣምራል።

መልማዩ ምን ያያል? ጎል ማንም ይቆጥራል። እሱ የሚፈልገው ከጎሉ በፊት ያለውን ነው። ፓኳ ወደ አንድ ተከላካይ እየመጣች ነው እንበል፤ ከኋላው ተቃራኒ አጥቂ እየገሰገሰ ነው። ልጁ ፓኳን ከመንካቱ በፊት አንገቱን ዞር አድርጎ ትከሻውን ተሻግሮ አየ ወይ? ካየ፣ ፓኳ ዱላው ላይ ስታርፍ የት እንደሚልካት ወስኗል። ካላየ፣ ገና ሊያስብ ሲል በሜዳው ዙሪያ ካለው ግድግዳ ጋር ይላተማል። ይህች የአንገት ዞር ማለት ግማሽ ሰከንድ አትሞላም፤ በሰንጠረዥም አትመዘገብም። ልምድ ያለው መልማይ ግን በአንድ ምሽት ሃያ ጊዜ ይቆጥራታል። ፓክ ተነጥቆ ተመልሶ ይሮጣል ወይስ አንገቱን ይደፋል የሚለውንም እንዲሁ። ከጨዋታው ውጭ ደግሞ ታዳጊዎቹ በየዓመቱ አንድ ቦታ ተጠርተው ይለካሉ፤ ለ30 ሰከንድ ያለ የሌለ ኃይላቸውን አውጥተው የቆመ ብስክሌት ይነዳሉ፤ ቁመት፣ ክብደት፣ ትንፋሽ ይመዘገባል፤ የክለብ ሹማምንትም በየተራ ያነጋግሯቸዋል።

ይህ ሁሉ ልፋት ተደርጎ ቁጥሩ ለምን ይስታል? እኔ ዋናው ምክንያት የመልማዩ ዓይን ነው ብዬ አላምንም። ምክንያቱ የሚመዘነው ነገር ገና ያላለቀ መሆኑ ነው።

የልደት ቀንን እንውሰድ። በካናዳ ልጆች በቡድን የሚደለደሉት በዘመን መለወጫቸው፣ ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ነው። በጃንዋሪ የተወለደና በዲሴምበር የተወለደ አንድ ቡድን ውስጥ ይገባሉ። በአሥር ዓመት ልጆች መካከል የአሥራ አንድ ወር ልዩነት ትልቅ ነው፤ በአካል የገዘፈው ተመራጭ ይሆናል፣ ተመራጩ የተሻለ አሠልጣኝና ብዙ ጨዋታ ያገኛል፣ ያንን ያገኘው ደግሞ በእውነትም ይበልጣል። በ2013 የታተመ ጥናት በድራፍት የተመረጡ ካናዳውያንን መርምሮ፣ በዓመቱ ሁለተኛ አጋማሽ የተወለዱት በኋላ ካሳዩት ብቃት አንጻር ዘግይተው ይመረጡ እንደነበር አሳይቷል። ልጆቹን ዘወትር የሚያዩ ባለሙያዎች እንኳ ዕድሜን ከችሎታ ጋር ያምታታሉ ማለት ነው።

ድራፍቱ ራሱም የዕድሜ መስመር አለው፤ ተመራጩ በዚያ ዓመት እስከ ሴፕቴምበር 15 ድረስ 18 ዓመት ሊሞላው ይገባል። አሜሪካዊው ኦስተን ማቲውስ የተወለደው ሴፕቴምበር 17 ቀን 1997 ነው። በሁለት ቀን ምክንያት የ2015 ድራፍት አመለጠውና አንድ ዓመት መጠበቅ ግድ ሆነበት። ያደገው በረሃማዋ አሪዞና ውስጥ ነው፤ ቀጥሎም በሚሺጋን የሚገኘውን የአሜሪካ ታዳጊ ብሔራዊ ቡድን ማሠልጠኛ አልፏል። የተረፈችውን ዓመት ከእኩዮቹ ጋር በማሸነፍ አላሳለፋትም፤ ስዊዘርላንድ ሄዶ በዙሪክ ክለብ ከጎልማሶች ጋር ተጫወተ። በ2016 ቶሮንቶ በ1ኛ ደረጃ መረጠው። በመጀመሪያው የኤንኤችኤል ጨዋታው አራት ጎል አስቆጠረ።

ወደ 2000 ልመለስ፤ ያ ዓመት ለዚህ ጉዳይ ተወዳዳሪ የለውም። በዚያ ድራፍት 1ኛ ሆኖ የተመረጠውም ግብ ጠባቂ ነበር፤ ሪክ ዲፒየትሮ። የወሰደው የሬንጀርስ ጎረቤትና ባላንጣ የሆነው ኒውዮርክ አይላንደርስ ነው። አይላንደርስ ለእሱ ቦታ ለመልቀቅ በዚያው ሰሞን ሮቤርቶ ሉዎንጎ የሚባለውን ሌላ ወጣት ግብ ጠባቂውን ወደ ፍሎሪዳ አሳልፎ ሰጠ። በ2006 ዲፒየትሮን ለ15 ዓመት በ67.5 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመው። ከዚያ በኋላ ጉዳት በጉዳት ላይ ተደራረበበት፤ በ318 ጨዋታ ሩጫው ተቋጨ። ሉዎንጎ 489 ድል አስመዝግቦ የሆኪ የክብር አዳራሽ ገባ። 205ኛው ሄንሪክ ደግሞ 459 ድል አስመዝግቦ በ2023 ተከተለው። ዲፒየትሮ ችሎታ አልነበረውም ማለት ግፍ ነው፤ ገላው ከዳው እንጂ። ግን የ18 ዓመት ልጅ ጉልበትና ዳሌ በ25 ዓመቱ ምን እንደሚሆን የሚናገር ዝርዝር የለም። ግብ ጠባቂ ከሌላው ተጫዋች ዘግይቶ ይበስላልና፣ እሱን በ18 ዓመቱ መመዘን ከሁሉም ይከብዳል። ሄንሪክ ከተመረጠ በኋላ አምስት ዓመት ሙሉ በአገሩ ተጫውቶ ነው በ2005 ኒውዮርክ የገባው። በመጀመሪያው ዓመቱ 30 ጨዋታ አሸነፈ።

ስለዚህ ከቁጥሩ ይልቅ መጠየቅ ያለበት ልጁ ከዚህ በኋላ የት ያድጋል የሚለው ነው እላለሁ። መንገዱ አንድ አይደለም። በካናዳ የተለመደው ከ16 ዓመት ጀምሮ በሦስቱ ታላላቅ የታዳጊ ሊጎች መጫወት ነው። ብዙዎቹ ከእናት ከአባታቸው ርቀው፣ ቡድኑ ባለበት ከተማ አስተናጋጅ ቤተሰብ ዘንድ ይኖራሉ፤ ትምህርታቸውን በአውቶቡስ መቀመጫ ላይ እያጠኑ በየሳምንቱ ረጅም መንገድ ይጓዛሉ። የስዊድንና የፊንላንድ ልጆች ያደጉበት ክለብ ውስጥ ቆይተው ቶሎ ከጎልማሶች ጋር ይቀላቀላሉ። ሌላው መንገድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ነው። ለረጅም ዘመን በካናዳ ታላላቅ ሊጎች የተጫወተ ልጅ የዩኒቨርሲቲው በር ይዘጋበት ነበር። ከኦገስት 2025 ጀምሮ ተከፈተ፤ በዚያው ዓመት ከዩኮን የመጣውና ብዙ የተባለለት ጋቪን ማኬና ከካናዳ ሊግ ወደ ፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ አቀና። እዚህ ላይ የሚታየው ለውጥ ከማንኛውም የደረጃ ሰንጠረዥ የበለጠ የልጆችን ዕድል ይቀይራል።

ትዕግሥት ምን እንደሚያደርግ ለማየት ኬል ማካር ይበቃል። የዩኒቨርሲቲ በሩ እንዳይዘጋበት ሲል ዝቅ ባለው የአልበርታ ሊግ ቆየ። በ2017 ኮሎራዶ በ4ኛ ደረጃ ሲመርጠው ለመፈረም አልቸኮለም፤ ሁለት ዓመት ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ተጫወተ። በ2019 የጸደይ ወር ሲመጣ ቀጥታ ጥሎ ማለፍ ውስጥ ገብቶ በመጀመሪያው ጨዋታው ጎል አስቆጠረ። በ2022 የሊጉ ምርጥ ተከላካይም፣ የጥሎ ማለፉ ምርጥ ተጫዋችም እሱ ነበር። ጨርሶ ቁጥር ያልተሰጣቸውም አሉ፤ 173 ሴንቲሜትር ቁመት ያለው ማርቲን ሴንት ሉዊ በየትኛውም ዙር ማንም አልመረጠውም፣ በ2004 ግን የሊጉ ኮከብ ተብሎ ተሸለመ፤ በዚያው ዓመት የሊጉን ዋንጫም አነሣ።

የዝርዝሩ ክብደት የሚያርፈው ልጁ ላይ ነው። በ2022 ሼን ራይት ከሰሜን አሜሪካ ተጫዋቾች 1ኛ ተብሎ ለብዙ ወራት ሲነገርለት ከርሞ ነበር። የምርጫው ምሽት በሞንትሪያል፣ ባለ ተራው የሞንትሪያል ክለብ በ1ኛነት ስሎቫካዊውን ዩራይ ስላፍኮቭስኪን ጠራ። ራይት በሺህ ሕዝብና በካሜራ ፊት ሌሎች ስሞች ሲጠሩ አዳምጦ፣ በ4ኛ ተራ ወደ ሲያትል ሄደ። ከመላው ዓለም እኩዮቹ አራተኛ መሆን ታላቅ ነገር ነው። ያን ምሽት ግን እንደ ውድቀት ተወራበት፤ ይህ ለ18 ዓመት ልጅ አግባብ አልነበረም።

ዝርዝሩ ዋጋ የለውም አልልም። ሲድኒ ክሮስቢ በ2005፣ ኮነር ማክዴቪድ በ2015 1ኛ ሲባሉ ማንም አልተሳሳተም። በጣም ጎልተው የወጡት ቶሎ ይለያሉ። ከእነሱ በታች ያለው ግን የዛሬ ግምት ነው። ዴትሮይት ክለብ ፓቬል ዳትሱክን በ1998 በ171ኛ፣ ሄንሪክ ዜተርበርግን በ1999 በ210ኛ ደረጃ አግኝቶ ከአሥር ዓመት በላይ የቡድኑ ምሰሶ አደረጋቸው። በቶሮንቶ፣ በካልጋሪ፣ በዴንቨር ወይም በዋሽንግተን ዙሪያ የምትኖሩና ልጃችሁን በየማለዳው ወደ በረዶ ሜዳ የምትወስዱ ወላጆች፣ ልጃችሁ በ12 ዓመቱ ከቡድን ቢቀነስ መጀመሪያ የተወለደበትን ወር አስታውሱ፤ ከዚያም ብዙ የሚጫወትበት ሌላ ቡድን ፈልጉለት።

መንትዮቹስ? ጆኤል ለዳላስ 134 ጨዋታ አድርጎ በ2009 ወደ ፍሮሉንዳ ተመለሰ፤ እዚያም ለዓመታት አምበል ሆኖ ክለቡን ለአውሮፓና ለስዊድን ዋንጫ አበቃ። በሜይ 2017 ጀርመን ኮሎኝ ላይ ስዊድን ከካናዳ ጋር ለዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ደረሰች። ጨዋታው በአቻ ውጤት አልቆ ወደ መለያ ምት ሄደ። ሄንሪክ ከካናዳውያኑ ምቶች አንዱንም አላስገባም። 68ኛውና 205ኛው በአንድ ቀን አንድ ዓይነት የወርቅ ሜዳሊያ አንገታቸው ላይ ተጠለቀላቸው።