ከሐይቁ እስከ አምስት ኪሎ

ሴትዮዋን መጀመሪያ ያየኋቸው ከጀርባቸው ነው። ዳገቱ ላይ ትንፋሼ ተቆራርጦ ከፔዳሉ ጋር ስታገል፣ እሳቸው መሪያቸው ላይ እንዳጎነበሱ፣ ሳይቸኩሉ፣ በግራዬ አለፉኝ። ባታቸው ላይ በጥቁር ማርከር 67 ተብሎ ተጽፏል። የመወዳደሪያ ቁጥር እንዳይመስላችሁ፤ ዕድሜ ነው። እዚህ አሜሪካ በብዙ የትራያትሎን ውድድሮች ላይ፣ ጎህ ሳይቀድ አንድ በጎ ፈቃደኛ ማርከር ይዞ ይመጣና ክንድ ላይ ቁጥር፣ ባት ላይ ዕድሜ ይጽፋል። ሽልማቱ በዕድሜ ክልል ስለሆነ፣ የቀደመን ሰው ተፎካካሪ ይሁን አይሁን ከኋላው አንብቦ ማወቅ ይቻላል። የእኔ ባት ላይ የተጻፈው 41 ነበር።

«በርታ፣ እየቻልከው ነው» አሉኝ በእንግሊዝኛ፣ ዞር እንኳ ሳይሉ። አገር ቤት ቢሆን ኖሮ «አይዞህ ልጄ» የሚሉ ዓይነት ሴት ናቸው።

ትራያትሎን ዋና፣ ሳይክልና ሩጫ በተከታታይ፣ ሰዓቱ ሳይቆም የሚሠራበት ውድድር ነው። ስሙ ከግሪክኛ ሲሆን ሦስት ውድድር እንደማለት ነው። ብዙ ጀማሪ የሚገባበት አጭሩ ዓይነት ስፕሪንት ይባላል፤ 750 ሜትር ዋና፣ 20 ኪሎ ሜትር ሳይክል፣ 5 ኪሎ ሜትር ሩጫ። የኦሊምፒኩ የዚህ እጥፍ ነው። አይረንማን የሚባለው ደግሞ 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ሳይክል፣ በላዩ ላይ ሙሉ ማራቶን ነው፤ እሱን ለባለቤቶቹ እንተወው። ስፕሪንት ሲባል የመቶ ሜትር ሩጫ የሚመስለው ሰው ይኖራል። የዓለም ምርጥ ወንዶች ከአንድ ሰዓት በታች ይጨርሱታል፤ እንደ እኔ ያለ የቢሮ ሰው ግን ወደ ሁለት ሰዓት ሊጠጋበት ይችላል።

እውነቱን ለመናገር እኔ የተመዘገብኩት የመጨረሻዋን መስመር አይቼ ነው። አምስት ኪሎ! ለአዲስ አበባ ልጅ አምስት ኪሎ ርቀት አይደለም፤ በአራት ኪሎና በስድስት ኪሎ መሐል ያለ ሰፈር ነው። ያደግኩት ደግሞ ሞስኮ ላይ በ1980 እ.ኤ.አ. አምስት ሺህና አሥር ሺህ ሜትርን ጠቅልሎ ያሸነፈውን የምሩጽ ይፍጠርን ወሬ እየሰማሁ ነው። «ማርሽ ቀያሪው» ይሉታል፤ መጨረሻ ላይ ያፈተልካል። ስሌቴ ቀላል ነበር። ውሃውን እንደምንም እሻገራለሁ፣ ሳይክሉን እንደምንም እነዳለሁ፣ ከዚያ ሩጫው የኛ ነው፤ ማርሽ እቀይራለሁ።

ለእናቴ በስልክ ስነግራት ሌላውን ሁሉ ትታ አንዱን ብቻ ያዘች። «ዋና? ከመቼ ወዲህ ነው ዋና የቻልከው? ውሃ እኮ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ።» እውነቷን ነው። ልጅ ሆኜ ሳይክል በደቂቃ ሒሳብ ተከራይቼ ሰፈር ለሰፈር ነድቻለሁ፤ ግዮን ሆቴል መዋኛ ግን የሄድኩት ሁለቴ ይሆናል፣ እሱም ጠርዙን ይዤ። ዋና የተማርኩት በ39 ዓመቴ፣ ከስድስት ዓመት ሕፃናት ጎን፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው።

ታዲያ ዋናው ለምን መጀመሪያ ሆነ? እኔም መጀመሪያ ላይ ተንኮል መስሎኝ ነበር። ትራያትሎን በሚል ስም የተጠራው የመጀመሪያው ውድድር የተካሄደው ካሊፎርኒያ፣ ሳን ዲዬጎ፣ ሚሽን ቤይ በሚባል የባሕር ዳር መናፈሻ መስከረም 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ንጉሡ ከዙፋን ከወረዱ ገና በ13ኛው ቀን። ጃክ ጆንስቶንና ዶን ሻናሃን የተባሉ የሩጫ ክበብ አባላት ናቸው ያሰናዱት፤ 46 ሰው ተወዳደረ። ያን ጊዜ ቅደም ተከተሉ እንደ ዛሬው አልነበረም። ሩጫ ቀደመ፣ ሳይክል ተከተለ፣ ዋናው መጨረሻ ላይ ሆነ። ውድድሩ የተጀመረው ከሥራ መልስ አመሻሽ ላይ ስለነበር የኋለኞቹ ውሃ ውስጥ ሳሉ መሸ፤ መኪኖች የፊት መብራታቸውን ወደ ውሃው አዙረው አበሩላቸው። የደከመ ሯጭ መንገድ ዳር ይቀመጣል። የደከመ ሳይክለኛ ቢወድቅ ይቆስላል። የደከመ ዋናተኛ ግን የሚቀመጥበት የለውም። ዋናው ዛሬ ሰው ትኩስ ጉልበት እያለው በመጀመሪያ መምጣቱ ለዚህ ነው። ከዚያን ዕለት ተወዳዳሪዎች አንዱ፣ ጆን ኮሊንስ የሚባል የባሕር ኃይል መኮንን፣ ከሦስት ዓመት ተኩል ገደማ በኋላ ሃዋይ ላይ አይረንማንን ጀመረ፤ 15 ሰው ተነሥቶ 12ቱ ጨረሱ። ትራያትሎን ኦሊምፒክ የገባው ግን ቆይቶ፣ ሲድኒ ላይ በ2000 እ.ኤ.አ. ነው።

እኔ የተወዳደርኩበት ሐይቅ ውሃው ሻይ ይመስላል። ገንዳ ውስጥ ወለሉ ላይ ጥቁር መስመር አለ፣ እሱን ተከትሎ መሄድ ነው። እዚህ የገዛ እጄን እንኳ አላየውም። አቅጣጫ የሚያሳዩት ውሃው ላይ የታሰሩ ብርቱካንማ ትልልቅ ኳሶች ናቸው፤ በየጥቂት ቀዘፋው ቀና ብሎ እነሱን መፈለግ ያስፈልጋል። ቀና ሲባል ወገብ ይሰምጣል፣ ወገብ ሲሰምጥ ፍጥነት ይጠፋል። የለበስነው ዌትሱት የሚባል ከስስ ላስቲክ የተሠራ፣ ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚጠብቅ ልብስ ነው። ከብርድ ይከላከላል፣ ደግሞም ያንሳፍፋል፤ ለዚህም ነው ውፍረቱ ከ5 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ በደንብ የተወሰነው። ባይኖር ይህን ጽሑፍ የሚጽፍ ሌላ ሰው ይሆን ነበር።

ጡሩምባው ሲነፋ አንድ ላይ ገባን። መርካቶ ለበዓል ዋዜማ ገበያ የወጣ ሰው ግፊያውን ያውቀዋል፤ ያንን በውሃ ውስጥ ማሰብ ነው። የአንዱ ተረከዝ መነጽሬን መታው፣ የሌላው እጅ ጀርባዬ ላይ አረፈ። 200 ሜትር ሳልሄድ ደረቴ ተጨነቀና ማሰብ ያቃተኝ ጊዜ ነበር። የሚያድነው ደንቡን ማወቅ ነው። ጀልባ ላይ ያሉትን ጠባቂዎች ጠርቶ፣ የጀልባዋን አፍንጫ ይዞ ማረፍ ይፈቀዳል፤ ጀልባዋ ወደፊት እስካልጎተተች ድረስ አያስቀጣም። ያዝኩ። ልጅቷ ማስቲካ እያኘከች «ጊዜህን ውሰድ» አለችኝ። እኔ የእናቴን ድምፅ እየሰማሁ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ትራንዚሽን ይሉታል፤ ከውሃ ወደ ሳይክል፣ ከሳይክል ወደ ሩጫ የሚቀየርበት በአጥር የተከለለ ሜዳ ነው። ሳይክሎች በብረት ላይ ተደርድረው ይንጠለጠላሉ፤ ከሥራቸው በፎጣ ላይ ጫማው፣ ሄልሜቱ፣ ቁጥሩ ይቀመጣል። ሰዓቱ እዚያም አይቆምም። አራተኛው ውድድር የሚሉት ወደው አይደለም። የቆዩት ሰዎች ጠዋት ከውሃው መውጫ እስከ ሳይክላቸው ረድፉን ሲቆጥሩ አይቼ በልቤ ስቄባቸው ነበር።

ከውሃ ስወጣ ምድር ትዞራለች፤ ለሃያ ምናምን ደቂቃ ተጋድሞ የቆየ ሰው ድንገት ቆሞ ሲሮጥ እንዲያ ያደርጋል። ሳይክሌ ጠፋኝ። ሁሉም ሳይክል ጥቁር ነው፣ ሁሉም ፎጣ ነጭ ነው። አንዱን ረድፍ ወጥቼ ሌላውን ወርጄ አገኘሁት። ከዚያ ዌትሱቱ። ይህ ልብስ ውስጡ ውሃ እያለ በቀላሉ ይንሸራተታል፤ ውሃው ሲወርድ ግን ቆዳ ላይ ይጣበቃል። እኔ ሳይክል ስፈልግ ውሃው ወርዷል። ቀኝ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ሰዓት የምትይዘው ቺፕ ታስራ ነበርና የላስቲኩ ጫፍ እሷ ላይ ተጠመጠመ። መሬት ላይ ተቀምጬ፣ እግሬን አንሥቼ፣ ከገዛ ልብሴ ጋር ገጠምኩ። በመጨረሻ ነጻ ስወጣ በንዴት ሳይክሉን ከብረቱ ላይ ነቅዬ ሮጥኩ፤ ዳኛው ፊሽካ ነፍቶ አስቆመኝ። የሄልሜት ማሰሪያ ሳይቆለፍ ሳይክል ከቦታው አይነሣም። አንገቴን ደፍቼ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ፣ ቆለፍኩት።

ስለ ሳይክሉ ብዙ የምለው የለኝም። በአብዛኛው የአማተር ውድድር ከፊት ያለውን ሰው ተጠግቶ በሱ ከለላ ከነፋስ ማምለጥ ክልክል ነው፤ ኦሊምፒክ ላይ ግን በመንጋ መሄድ ተፈቅዷል። ስለዚህ ሁሉም ለብቻው ነው፣ ነፋሱም ለሁሉም ይደርሳል። አንድ ጊዜ ካቴናዬ ወልቆ በጣቴ መለስኩት። ባለ 67ቷ ያለፉኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ሩጫው መጣ። ሳይክሉን ሰቅዬ፣ ጫማ ቀይሬ፣ «አሁን ነው» አልኩና ማርሽ ልቀይር ስሞክር እግሬ የኔ አልሆነም። ለአርባ ምናምን ደቂቃ ክብ ሲዞር የነበረ እግር ወደፊት ተዘርጋ ሲባል ወዲያው አይሰማም፤ ዳሌም እንደታጠፈ መቆየት ይፈልጋል። ልምድ ያላቸው ከሳይክል ወርደው ወዲያው የመሮጥ ልምምድ የሚሠሩት ለዚህ ነው፤ «ብሪክ» ይሉታል፣ ጡብ ማለት ነው፣ እግሩም ጡብ ይሆናል። የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር በሰው እግር ሮጥኩ። ሁለተኛው ላይ ትንሽ ተመለሰልኝ፣ ሦስተኛው ላይ ሰው ማለፍ ጀመርኩ። በዚህ ስፖርት የምሩጽ ዓይነት አጨራረስ የለም ማለቴ አይደለም፤ ፓሪስ ኦሊምፒክ ላይ በ2024 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው አሌክስ ዪ ኒውዚላንዳዊውን ሄይደን ዋይልድን የደረሰበት መጨረሻው አካባቢ ነው፣ ወርቁንም ወሰደ። እሱ ግን ከውሃ ሲወጣ ሳይክሉ አልጠፋውም።

ባት እያነበብኩ ሮጥኩ። 29፣ 44፣ 52። 67ን ግን አላገኘኋቸውም።

ውጤቱ ስልኬ ላይ መጣ። ዋና 24 ከ10፣ የመጀመሪያው ትራንዚሽን 6 ከ10፣ ሳይክል 46 ከ30፣ ሁለተኛው ትራንዚሽን 2 ከ20፣ ሩጫ 27 ከ05፤ በድምሩ 1 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ። የሴትዮዋን ፈልጌ አየሁ። የቀደሙኝ በ3 ደቂቃ ነው። በሩጫ በልጫቸዋለሁ። ከውሃ ወጥተው ልብስ አውልቀው ሳይክል ላይ ለመውጣት የፈጀባቸው 1 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጓሮ ወጥቼ ዌትሱቱን ለበስኩ። ልጄ በአትክልት ማጠጫው ጎማ ከአንገቴ ጀምሮ ውሃ ሞላልኝ፣ ስልኩ ላይ ሰዓት ከፈተና «ሂድ!» አለ። ትከሻ፣ እጅ፣ ወገብ፣ ጉልበት፣ ከዚያ እንደፈረደብኝ ቀኝ ቁርጭምጭሚት። ሳሩ ላይ ተዘርሬ ስጎትት ጎረቤታችን አጥሩ ላይ ቡናውን ይዞ ቆሟል።

«ሁለት ደቂቃ ከአርባ» አለ ልጄ። «አባዬ፣ ሄልሜቱን ረሳኸው።»