ክረምቱን በደርባን ባሕር ዳር

ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ልጆች ከቴሌቪዥን ፊት አይነሱም፣ ደጁ ዝናብና ጭቃ ነው። ለብዙ የአዲስ አበባ ቤተሰቦች ሐምሌና ነሐሴ ማለት ይኸው ነው። ለአንድ ትልቅ የቤተሰብ ጉዞ ገንዘብ ሲያጠራቅሙ ከርመው ከሆነና ልጆችዎ ባሕር አይተው የማያውቁ ከሆነ፣ ዘንድሮ ዓይንዎን ወደ ደቡብ እንዲጥሉ እንመክራለን። በዚህ ወቅት ዱባይ ከቤት የማያስወጣ ሙቀት ነው። የደቡብ አፍሪካዋ ደርባን ግን እኛ ዣንጥላ በምንይዝባቸው ወራት ሰማይዋ ብራ ነው።

የክዋዙሉ ናታል ዳርቻ ከምድር ወገብ ርቆም ለምለም የሆነው ከሰሜን በሚወርደው ሞቃት የአጉልሃስ የባሕር ጅረት ምክንያት ነው። በእነርሱ ክረምት የቀኑ ሙቀት 22 ወይም 23 ዲግሪ ያህል ይሆናል፤ ባሕሩም ሰውነት የሚያኮማትር አይደለም። ማታ ማታ ግን ሹራብ ያስፈልጋል። ፀሐይም ቶሎ ትጠልቃለችና ቀንዎን በጠዋት ይጀምሩ።

ደርባን ሲደርሱ መጀመሪያ የሚያገኙት በባሕሩ ጠርዝ ለኪሎ ሜትሮች የተዘረጋውን የእግረኛ መንገድ ነው። ጠዋት ላይ ሯጩ፣ ብስክሌተኛው፣ ዓሣ አጥማጁ፣ ሕፃን በጋሪ የሚገፋው ሁሉ እዚያ ነው። ብስክሌት ተከራይተው ከልጆችዎ ጋር ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሂዱ። በደቡብ ጫፍ ዩሻካ የተባለው የባሕር መዝናኛ አለ፤ የዓሣ ማሳያው የተሠራው በተሰበረ አሮጌ መርከብ አምሳል ስለሆነ ልጆች በቀላሉ አይወጡም፤ ግማሽ ቀን ይመድቡለት። በሌላው በኩል ለ2010 የዓለም ዋንጫ የተሠራው የሞሰስ ማብሂዳ ስታዲየም ቅስት 106 ሜትር ሽቅብ ወጥቶ ይታያል። በነገራችን ላይ፣ አዲስ አበባ ላይ የተወለደው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የአፍሪካ ኅብረት ሆኖ በይፋ የተመሠረተው በዚህችው ከተማ ነው፤ ጊዜውም ሐምሌ 2002 እ.ኤ.አ. ነበር።

ውኃ ውስጥ ከመግባት በፊት ግን በእርጋታ የምንነጋገርበት ጉዳይ አለ። አብዛኞቻችን ዋና የተማርነው በሆቴል ገንዳ ወይም ላንጋኖ ላይ ነው። ሕንድ ውቅያኖስ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ማዕበሉ ወደ ዳር የገፋው ውኃ ተመልሶ ወደ ባሕሩ የሚወጣባቸው ጠባብ ጅረቶች አሉ። ከዳር ሆነው ሲያዩት ያ ቦታ ሞገድ የማይሰበርበት፣ ጸጥ ያለ ይመስላል፤ ልጅ መርጦ የሚገባውም እዚያው ነው። ጅረቱ ሰውን ወደ ታች አይጎትትም፣ ወደ ውስጥ ይወስደዋል እንጂ። ሰው የሚሰምጠው ፊት ለፊት ታግሎ ሲደክም ነው። ስለዚህ ለልጆችዎ ገና አውሮፕላን ሳይሳፈሩ ይህን ያስጠኗቸው፦ ውኃው ከወሰደህ አትታገለው፣ በጀርባህ ተንሳፈፍ፣ እጅህን አውለብልብ፣ አቅም ካለህ ከዳሩ ጋር ትይዩ ሆነህ ወደ ጎን ዋኝ።

የነፍስ አድን ሠራተኞች የሚጠብቁት ቦታ በቀይና ቢጫ ባንዲራዎች ተከልሎ ያገኙታል። ከሁለቱ ባንዲራዎች መካከል አይውጡ፤ ትንንሾቹን ደግሞ ክንድዎ ከሚደርስበት አያርቁ። በሚያዝያ 2022 እ.ኤ.አ. ከ400 በላይ ሰዎችን የገደለው ጎርፍ የከተማዋን የፍሳሽ መስመር ክፉኛ ጎድቶ አንዳንድ ዳርቻዎች ለረጅም ጊዜ ተዘግተው ነበርና፣ የውኃው ንጽሕና ምን ላይ እንዳለ ሆቴልዎን ሳይጠይቁ አይግቡ። ሞገድ ለሚፈሩ ልጆች (ለሚፈሩ ወላጆችም ቢሆን!) ከከተማዋ በስተ ሰሜን ባሊቶ ላይ ያለው የቶምፕሰንስ ቤይ ገንዳ ጥሩ መጀመሪያ ነው። በዓለቱ መካከል ታጥሮ የባሕሩ ውኃ ራሱ የሚሞላው ገንዳ ነው፤ ልጅ የጨው ውኃ እንዴት እንደሚያንሳፍፍ እዚያ ይለምዳል።

ወደ ባሊቶ በሚወስደው መንገድ ላይ ኡምህላንጋ አለች፤ ቀይና ነጭ የመርከብ ማማዋ ፎቶ ሳያስነሳ አያሳልፍም። የክፍለ ሀገሩ የሻርክ ቦርድ መሥሪያ ቤትም እዚያው ነው። ደርባን ከ1952 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዋናተኞችን ከሻርክ ለመጠበቅ ባሕሩ ውስጥ መረብ ትዘረጋለች። ከሰኔ እስከ ሐምሌ ሰርዲን የተባሉት ትንንሽ ዓሦች በብዙ ሚሊዮን ሆነው ዳርቻውን ተከትለው ሲያልፉ ግን መረቡ ይነሣል፣ ዋናም ሊከለከል ይችላል። ቅር አይበልዎ፤ ያን ቀን ትርዒቱ ከዳር ነው። ሰማዩ በወፍ ይሸፈናል፣ ዶልፊኖች ይከተላሉ፣ የሰፈሩ ሰው ባልዲ ይዞ ይሮጣል። መቼ እንደሚሆን ቀጠሮ የለውም። ዓሣ ነባሪዎቹ ይሻላሉ፤ ከሰኔ እስከ ኅዳር ድረስ በዚያ ስለሚመላለሱ፣ ጠዋት ከፍ ካለ ቦታ ሆኖ ባሕሩን በትዕግሥት ለሚያይ ትንፋሻቸው እንደ ጭስ ሲወጣ ይታያል።

የደርባን ምግብ በኒ ቻው ይባላል። ከ1860 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሸንኮራ እርሻ ሥራ የመጡት የሕንዶች ልጆች ለከተማዋ ያበረከቱት ነው፤ ዳቦ ተፈልፍሎ በቅመም የተሠራ ወጥ ይሞላበታል። ሩብ ዳቦ ለአንድ ሰው ይበቃል። በእጅ ስለሚበላ እኛ አንቸገርም፣ ቅመሙም አያስደነግጠንም። ነሐሴ ላይ ፍልሰታን ለሚጾሙ የቦሎቄ በኒ ቻው አለ፤ ቅቤ እንዳልገባበት ብቻ ይጠይቁ።

ጊዜና አቅም ካለዎት ግን ገንዘብዎን ለሴንት ሉሺያ ያስቀምጡ። ከደርባን ወደ ሰሜን በመኪና ሦስት ሰዓት ያህል ነው። ኢሲማንጋሊሶ የተባለው ይህ ረግረግና ሐይቅ በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ተመዝግቧል፤ ስሙ በዙሉ ቋንቋ ተአምር ማለት ነው። በጀልባ ሁለት ሰዓት ያህል ሲዘዋወሩ ጉማሬ በመንጋ፣ አዞ ዳር ላይ ተኝቶ ያያሉ። ጨለማ ሲሆን ጉማሬዎቹ ሣር ፍለጋ ከተማው ውስጥ ይገባሉ፤ በየመንገዱ የማስጠንቀቂያ ምልክት ተተክሏል። ስለዚህ ከእራት በኋላ በእግር መንሸራሸር የለም። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ በ1895 እ.ኤ.አ. የተከለለው ሂሉሂሉዌ ኢምፎሎዚ ፓርክ ይገኛል፤ ነጭ አውራሪስ ከመጥፋት የተረፈው በዚህ ፓርክ ነው። ወደዚህ አካባቢ ከመሄድዎ በፊት ስለ ወባ ሐኪምዎን ያማክሩ።

ከደርባን ወደ ደቡብ ያለው ዳርቻም መልካም ነው፤ የኦሪቢ ገደል በተለይ። ሆኖም በአንድ ሳምንት ሁለቱንም አቅጣጫ ማሳደድ ልጆችን መኪና ውስጥ ማሰር ነው፤ እኛ ሰሜኑን እንመርጣለን።

ስለ ደኅንነት ዝም ማለት አይቻልም። በ2015 እ.ኤ.አ. በከተማዋ በውጭ ዜጎች ላይ በተነሣው ጥቃት የኢትዮጵያውያን ሱቆች ተቃጥለዋል፣ ሕይወትም ጠፍቷል። ጎብኚዎች የሚያርፉበት የባሕር ዳር ሰፈርና ያ ጥቃት የደረሰባቸው ሰፈሮች የተለያዩ ናቸው፤ ቢሆንም በከተማው ሲመሽ በእግር አይሂዱ፣ ስልክ በእጅ አይያዙ፣ በመኪና መቀመጫ ላይ ቦርሳ አይተዉ። ዘመድ ካለዎት የትኛው ሰፈር ሰላም እንደሆነ አስቀድመው ይደውሉለት።

ለጉዞው ቪዛና የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያስፈልጋል። ለልጆች የልደት የምስክር ወረቀት ይያዙ፤ አንዱ ወላጅ የሚቀር ከሆነ የእርሱም የጽሑፍ ፈቃድ ሊጠየቅ ስለሚችል ኤምባሲውን ቀድመው ይጠይቁ። ከጆሃንስበርግ ደርባን በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል ነው። መኪና ከተከራዩ የሚነዱት በግራ በኩል መሆኑን አይርሱ። የደቡብ አፍሪካ ተማሪዎችም ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ለጥቂት ሳምንታት ዕረፍት ስለሚወጡ በዚያን ሰሞን ሆቴሉ ይወደዳል፣ ዳርቻውም ይጨናነቃል። እነርሱ ወደ ክፍላቸው ሲመለሱ፣ ከሐምሌ አጋማሽ በኋላ ይሂዱ።