ከደጋ ወደ ጣና፦ የዋና ደስታና ጥንቃቄው



ውድ አንባቢያን! ደጋ ላይ ተወልዶ ላደገ ሰው ሐይቅ ውስጥ መዋኘት ልዩ ደስታ አለው። ከደብረ ማርቆስ ተነስታችሁ ባሕር ዳር ስትደርሱ ጣና ፊታችሁ ተዘርግቶ ታገኙታላችሁ፤ ማዶው አይታይም። በገንዳ የሚዋኝ ሰው ጥቂት ሜትር ሄዶ ከግድግዳ ጋር ይገናኛል። በሐይቅ ግን ግድግዳ የለም። ሰውነት ይቀላል፣ ሐሳብ ይረጋል፣ ከራስ ትንፋሽ በቀር የሚሰማ ድምፅ የለም።

ዋና ደስታ ብቻም አይደለም። ልብንና ሳንባን ያጠነክራል። ውሃው ሰውነታችንን ስለሚሸከምልን ጉልበቱን ወይም ወገቡን የሚያመው ሰው ሳይጎዳ ሊንቀሳቀስበት ይችላል። ልጆችን ዋና ማስተማር እንደሚገባ ከዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ሲወሳ የኖረ ምክር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ብቻ 300,000 ያህል ሰዎች በመስጠም እንደሞቱ ገምቷል። ስለዚህ ዋና መቻል ሕይወትን ማዳን ነው።

ትራያትሎን የሚባለውን ውድድር ሰምታችሁ ይሆናል። ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫን በተከታታይ የያዘ ሲሆን ከ2000 እ.ኤ.አ. የሲድኒ ኦሎምፒክ ጀምሮ በኦሎምፒክ ይካሄዳል። ተወዳዳሪው 1.5 ኪሎ ሜትር ይዋኛል፣ 40 ኪሎ ሜትር በብስክሌት ይጋልባል፣ 10 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። ዋናው የሚካሄደው በአብዛኛው በባሕር፣ በሐይቅ ወይም በወንዝ ነው። በዚህም ምክንያት ተወዳዳሪዎች ከውድድሩ ቀን አስቀድመው ውሃውን ይሞክሩታል፤ ቅዝቃዜውንና ሞገዱን ይለምዳሉ፣ አቅጣጫ የሚይዙበትን ምልክት ይመርጣሉ። በ2024 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ኦሎምፒክ ዝናብ ጥሎ የሴን ወንዝ ስለቆሸሸ የወንዶቹ ውድድር ከሐምሌ 23 ወደ ሐምሌ 24 ተላልፏል። የዓለም ምርጥ ስፖርተኞች እንኳ ውሃው እስኪጠራ ጠብቀዋል ማለት ነው።

እኛስ ውሃችንን እናውቀዋለን?

በጨዋማ ባሕር የማያሰጋ፣ በጣና ግን የሚያሰጋ አንድ በሽታ አለ፤ ቢልሀርዚያ ይባላል። በሽታው ያለበት ሰው ሰገራ ከውሃ ሲደርስ ከእንቁላሎቹ የሚወጡት ጥቃቅን ትሎች ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ገብተው ይራባሉ። ከዚያም ወደ ውሃው ወጥተው በደቂቃዎች ውስጥ በሰው ቆዳ ዘልቀው ይገባሉ። ውሃውን መጠጣት አያስፈልግም፣ መንካቱ ብቻ ይበቃል። በአገራችን በሽታው በብዛት የሚተላለፈው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,300 እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ባላቸው ቦታዎች ነው። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ ደብረ ማርቆስ ግን ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። ስለዚህ በጮቄ ጅረቶች እየተራጨ ያደገ የደጋ ልጅ ቢልሀርዚያን ሳያውቅ ጣና ሊገባ ይችላል።

ለመዋኘት ስታስቡ የሚከተሉትን አትርሱ፦

1. ትሎቹ በብዛት የሚለቀቁት ከረፋድ እስከ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲበረታ ነው። ማለዳ መዋኘት ስጋቱን ይቀንሳል፤ ፈጽሞ ግን አያጠፋውም። ሣርና ቄጠማ የበዛበትን፣ ውሃው የቆመበትን ዳር ሽሹ።

2. ብቻችሁን አትዋኙ። ወደ መሐል ከመሄድ ከዳሩ ጋር ጎን ለጎን ዋኙ። አባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ አለ፤ በደጀን በኩል ባለው የአባይ በረሃ ደግሞ አዞና ብርቱ ሞገድ ስላለ በዚያ መዋኘት አይታሰብም።

3. በቀዝቃዛ ውሃ ዘላችሁ አትግቡ፤ ድንገተኛ ቅዝቃዜ ትንፋሽ ያሳጥራል። ቀስ ብላችሁ ግቡ።

4. ውሃ መጥጦ የሚከብድ ልብስ፣ ለምሳሌ ጀለቢያ፣ ለብሶ ጥልቅ ውሃ መግባት አደገኛ ነው። ለእህቶች ገላን የሚሸፍን ቀላል የዋና ልብስና ለብቻ የሆነ ቦታ ማዘጋጀት ይሻላል።

5. በክረምት፣ ከዝናብ በኋላ፣ ጎርፍ የቀላቀለ ውሃ ውስጥ አትዋኙ።

ውዱእም ቢሆን ከሐይቅ ዳር በቀጥታ ሲደረግ ያው ስጋት አለው። ውሃውን ቀድቶ ቢያንስ ሁለት ቀን ማቆየት ትሎቹ እንዲሞቱ ያደርጋል። በቆመ ውሃ መሽናትን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከልክለዋል፤ ውሃ አጠገብ አለመጸዳዳት ለዚህ በሽታም ትልቁ መከላከያ ነው።

ከዋኛችሁ በኋላ ቆዳችሁን ካሳከካችሁ፣ ከሳምንታት በኋላም ትኩሳት፣ የሆድ ቁርጠት ወይም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ከታየ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ፤ ሐይቅ መግባታችሁንም ለሐኪሙ ንገሩ። ምልክት ባይኖርም ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ መመርመር ጥሩ ነው። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ይባላል። ያደጉትን ትሎች እንጂ ገና ያላደጉትን በደንብ ስለማይገድል ከሐይቅ እንደወጡ ወዲያው መዋጥ አያስተማምንም። መጠኑ በክብደት ይሰላል፤ ስለዚህ ባልና ሚስት ወይም እናትና ልጅ አንዱ የታዘዘለትን ለሌላው አያካፍል። ከምግብ ጋር ይወሰዳል። ድኖ ተመልሶ ውሃው የገባ ሰው ደግሞ እንደገና ሊያዝ ይችላል።

ውድ አንባቢያን! ልጆቻችሁን ከውሃ አትከልክሏቸው፤ ዋና አስተምሯቸው፣ ውሃውንም አሳውቋቸው። ጣና ጸጋ ነው፤ ጸጋ ደግሞ በጥንቃቄ ይያዛል። አላህ ጤናችንን ይጠብቅልን። አሚን።